እድፍ ያስተማረው ቅብ፤ የአዋሽ ሸለቆ ፀሐይና አቧራ

የባቡር ሐዲድ ከወለዳት ከአዋሽ ከተማ ተነሥቶ በገዋኔና በሚሌ በኩል ወደ ሰመራ ለሚወርድ መንገደኛ ሁለት ነገር አይጎድልበትም፤ ፀሐይና አቧራ። ወንዙ ራሱ ባሕር ሳይደርስ እዚያው በረሃ ውስጥ፣ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ከአዋሽ ውኃ በሰፊው ኤሌክትሪክ ማመንጨት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 በቆቃ ግድብ ነው። ፀሐይዋ ግን ብዙ ዘመን ጠበቀች። እ.ኤ.አ. በ2019 በአፋር ዲቼቶና በሶማሌ ጋድ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋ ዋት ለሚያመነጩ ጣቢያዎች ከአንድ የሳዑዲ ዓረቢያ ኩባንያ ጋር ውል ተፈርሞ ነበር።

የፀሐይ ሴል ቅብ ታሪክ የሚጀምረው፣ ነገሩ ፈገግ ቢያሰኝም፣ ከእድፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 እንግሊዛዊው ሎርድ ሬይሊ ዘመን ያደበዘዘውን መስታወት ከአዲሱ ጋር ቢያስተያይ፣ አሮጌው የበለጠ ብርሃን ሲያሳልፍ አገኘው። ብርሃን ከአየር ወደ መስታወት በድንገት ሲገባ ከፊሉ ይመለሳልና፤ በመካከሉ የሁለቱን ጠባይ የሚያስታርቅ ስስ ገበር ሲኖር ግን የሚመለሰው ያንሳል።

እ.ኤ.አ. በ1954 ቻፒን፣ ፉለርና ፒርሰን በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ የሠሩት የሲሊከን ሴል ካረፈበት የብርሃን ኃይል ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው 6 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር። ያልተቀባ ሲሊከን ከ30 በመቶ በላይ ብርሃን ስለሚመልስ ቅቡ ግድ ሆነ። ብዙዎቹ ሰሌዳዎች ሰማያዊ መስለው የሚታዩን ከ80 ናኖ ሜትር ብዙ በማይርቅ የሲሊከን ናይትራይድ ልባጥ የተነሣ ነው፤ ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በላዩ ያለው መስታወት ደግሞ አየር በመካከላቸው በያዙ የሲሊካ ናኖ ቅንጣቶች ሲቀባ ከ2 እስከ 3 በመቶ ተጨማሪ ብርሃን ያስገባል።

የብርሃን አመንጪው ዳዮድ ችግር የዚሁ ግልባጭ ነው፤ እዚያ ብርሃኑ አልገባ ሲል፣ እዚህ አልወጣ ይላል። ለሰማያዊው ዳዮድ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ሆኖም ከለስላሳ የጋሊየም ናይትራይድ ገጽ በቀጥታ ወደ አየር የሚያመልጠው ብርሃን 4 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ተመልሶ ውስጥ ይታሰራል። እስረኛውን ለማስፈታት ገጹን ያሻክሩታል፤ ወይም ናኖ ቅንጣት ይለብጡበታል።

ወደ ሰመራ እንመለስ። «ራሱን የሚያጸዳ» እየተባለ የሚወደሰው ቅብ አብዛኛውን ጊዜ ዝናም ላለበት አገር የታሰበ ነው፤ የውኃው ጠብታ ተንከባሎ ሲወርድ አቧራውን ጠርጎ ይሄዳል። ዝናም ብርቅ በሆነበት አፋር ጠብታው ከወዴት ይምጣ? በደረቅ ብሩሽ ቢጠርጉት አሸዋው ቅቡን ይፍቀዋል፤ ጨዋማ ውኃ ቢያፈሱበት ደርቆ ነጭ ዝቃጭ ይተዋል። በቅብ የተገኘውን 3 በመቶ የጥቂት ሳምንታት አቧራ ሊያስረሳው ይችላል። የሴሉ ሙቀት ከ25 ዲግሪ ባለፈ ቁጥርም በየዲግሪው 0.4 በመቶ ገደማ ኃይል ይቀንሳል።

ስለዚህ የአምራቹን የፈተና ወረቀት አምነን ከመግዛታችን በፊት፣ አንዱ የተቀባ ሌላው ያልተቀባ ጥንድ ሰሌዳ በሰመራ ጣራ ላይ አንድ ዓመት ሙሉ ተሰቅሎ፣ በየሳምንቱ ሊለካ ይገባዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ በብዙዎቻችን መሥሪያ ቤት መደርደሪያ ላይ ይገኛል።