ማሪን ጊርቦክስ፦ የጀልባ ካምቢዮ

ሀይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ ሽንኩርት አራግፎ የሚወጣ አይሱዙ ማርሽ አልገባ ሲለው ሾፌሩ ለመካኒኩ «ካምቢዮው ነው» ይላል፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ጣና ላይ የሚሠሩ ሞተር ያላቸው ጀልባዎችም የዚሁ ዕቃ ዘመድ አላቸው። አምራቾች በመመሪያቸው «ማሪን ጊርቦክስ» ይሉታል። «የባሕር ማርሽ ሳጥን» ብሎ መተርጎም ይቻል ነበር፤ ጋራዥ ያለ ሰው ሁሉ ካምቢዮ በሚልበት አገር ግን አዲስ ሳጥን መፍጠር ትርፉ ድካም ነው። የጀልባ ካምቢዮ ቢባል ይበቃል። ስሙን ከመኪና መዋሱ ያለው ጣጣ አንድ ነው፤ የአይሱዙ ካምቢዮ ሲፈታ የኖረ መካኒክ የጀልባውንም በዚያው ልማድ እንዲጀምረው ይገፋፋዋል።

መኪና አምስት ስድስት ማርሽ ያስፈለገው ጭነት ይዞ ለመነሳት፣ ዳገት ለመውጣትና ሜዳ ላይ ለመፍጠን ነው። ውሃ ዳገት የለውም። ስለዚህ የጀልባ ካምቢዮ አብዛኛውን ጊዜ ያለው አንድ የፊት፣ አንድ የኋላና ዜሮ ማርሽ ብቻ ነው። ሥራው የሞተሩን ዙር መቀነስና አቅጣጫውን መገልበጥ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ቢዞርና ካምቢዮው 2 ለ 1 ቢሆን፣ ፕሮፔለሩ 1,000 ጊዜ ይዞራል። ሰፊ ፕሮፔለር ረጋ ብሎ ሲዞር ውሃውን በደንብ ይገፋል፤ በሞተሩ ፍጥነት ቢዞር ግን ማተራመስ ብቻ ይሆናል። (ውቅያኖስ የሚያቋርጡት ትልልቅ የጭነት መርከቦች ብዙዎቹ ይህ ዕቃ የላቸውም። ሞተራቸው ራሱ ቀርፋፋ ስለሆነ ከፕሮፔለሩ ጋር በቀጥታ ይያያዛል፤ ወደ ኋላ ለመሄድም ሞተሩ ቆሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ይነሳል።)

ከመኪና የመጣ ሰው የሚዘነጋው ሌላ ሥራም አለው። ፕሮፔለሩ ውሃውን ወደ ኋላ ሲገፋ ሻፍቱ ጀልባዋን ወደ ፊት ይገፋል፤ ያንን ግፊት በብዙ ጀልባዎች ላይ የሚሸከመው ካምቢዮው ውስጥ ያለ ኩሽኔታ ነው። የጭነት መኪና ካምቢዮ ለዚህ ሸክም አልተሠራም። የመኪና ካምቢዮ አምጥቶ ጀልባ ላይ ማሰር ርካሽ መፍትሔ የሚመስለው እስኪጀምሩት ድረስ ነው።

ጀልባ ደግሞ ፍሬን የላትም። ሰው ጭና ከጎርጎራ ወይም ከደቅ ደሴት ወደ ባሕር ዳር ስትመጣ፣ መቆሚያው ጋ ስትደርስ የሚያስቆማት የኋላ ማርሽ ነው። የፊት ማርሽ እምቢ ቢል መሀል ሐይቅ ላይ መቅረት ነው፤ የኋላው እምቢ ሲል ግን ከድንጋይ ጋር መጋጨት ይመጣል። በእኔ ግምት ተሳፋሪ የሚጭን ጀልባ የኋላ ማርሹ ከዘገየ፣ ምክንያቱ እስኪታወቅ ከመቆሚያው መነሳት የለበትም።

በጣም የሚያጋጥመው ብልሽት መንሸራተት ነው፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባዋ አትሄድም። ብዙ ሰው ወዲያው ፍሪሲዮኑ አልቋል ብሎ ቁልፍ ያነሳል። መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን ሽቦው ነው። ሞተሩን አጥፍቶ አንድ ሰው መሪው ጋ ያለውን ማንሻ እስከ መጨረሻው ይግፋ፤ ሌላው ታች ወርዶ ካምቢዮው ላይ ያለችውን ትንሽ ክንድ ይመልከት። ሽቦው ከረገበ ወይም ከዛገ ክንዷ ግማሽ መንገድ ሄዳ ትቆማለች። ያን ጊዜ ፍሪሲዮኑ ሳይጨብጥ እየተፋተገ ይነዳል፤ በዚህ ሁኔታ ጥቂት ከቆየ በእርግጥም ይቃጠላል። በጊዜ ከተደረሰበት ግን መድኃኒቱ የሽቦዋን ማስተካከያ ዳዶ ማዞር ነው።

ቀጥሎ ዘይቱ ይታያል። ማኪያቶ የመሰለ ዘይት ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ውሃው የሚገባውም ብዙ ጊዜ በዘይት ማቀዝቀዣው በኩል ነው። በማቀዝቀዣው አንድ ወገን ዘይት፣ በሌላው ውሃ ያልፋል፤ መሀላቸው ያለው ቀጭን ቱቦ ከተበሳ ሁለቱ ይገናኛሉ። ማቀዝቀዣውን ሳይጠግኑ ዘይት ብቻ መቀየር ገንዘብ ሐይቅ ውስጥ እንደ መጣል ነው። የጠቆረና የተቃጠለ የሚሸት ዘይት ከሆነ የፍሪሲዮን ሸራው አልቋል፤ አሁን መፍታት ተገቢ ነው። የዘይቱንም ዓይነት በግምት መምረጥ አይቻልም። አንዳንዱ ካምቢዮ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፣ ሌላው የሞተር ዘይት ይጠይቃል፤ በዘይት ግፊት የሚሠራ ፍሪሲዮን ደግሞ ስህተቱን አይታገስም።

በጣና ላይ ካምቢዮ የሚያንሸራትትበት አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። እምቦጭ የተባለው አረም በ2004 ዓ.ም. መታየቱ ከተነገረ ወዲህ ሐይቁን እየወረረ ነው። ቅጠሉና ሥሩ የማቀዝቀዣ ውሃ መሳቢያውን ወንፊት ሲደፍነው የሞተሩ ብቻ ሳይሆን የካምቢዮውም ዘይት ይግላል። የጋለ ዘይት ይቀጥናል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ይጀምራል። ቆሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ደኅና ነው! ጠዋት ደኅና የሆነና ከሰዓት የሚያንሸራትት ካምቢዮ ካለ፣ ከመፍታት በፊት ወንፊቱን መክፈት ይቀድማል።

ለመፍታት መጣደፍ የሚያስከፍለው ዋጋ ከፍተኛ ነው፤ መለዋወጫው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጣናነሽ 2 ጀልባ ራሷ ከጅቡቲ በየብስ ተጉዞ ነው ሐይቁ ጋ የሚደርሰው። ማዘዝ ግድ ከሆነ ካምቢዮው ላይ ያለችው ሳህን ትነበብ፦ ሞዴል፣ ቁጥር፣ የዙር ቅነሳ። 2 ለ 1 በነበረበት ቦታ 3 ለ 1 ቢገጠም ፕሮፔለሩም አብሮ ይቀየራል። ሲገጠምም የካምቢዮውና የሻፍቱ ፊት ለፊት የሚገጥሙ ክቦች መሀል ያለው ክፍተት በቀጭን መለኪያ ዙሪያውን ይለካል፤ የሚፈቀደው ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ አይበልጥም። የመጨረሻው ልኬት የሚወሰደው ጀልባዋ ውሃ ላይ ከሆነች በኋላ ነው፤ ደረቅ ላይ የተስተካከለው ጀልባዋ ስትንሳፈፍ ይዛነፋልና።