አስቀያሚው የዳክዬ ጫጩት

«አስቀያሚው የዳክዬ ጫጩት» ዴንማርካዊው ደራሲ ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን (1805–1875 እ.ኤ.አ.) የጻፈው ተረት ነው። ኖቬምበር 11 ቀን 1843 ኮፐንሃገን ውስጥ ከሌሎች ሦስት ተረቶች ጋር በአንድ ጥራዝ ወጣ። አንደርሰን ከቀደምት ተረቶቹ አንዳንዶቹን በልጅነቱ ከሰማቸው ትርክቶች ቀድቷል፤ ይህኛው ግን ከራሱ ምናብ፣ ይበልጡንም ከራሱ ሕይወት የወጣ ነው። ሃያሲው ጌዎርግ ብራንዴስ «የሕይወት ታሪክዎን ይጽፋሉ ወይ?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ይህን ተረት ጠቅሶ ታሪኩ ቀድሞውኑ እንደተጻፈ መለሰለት ይባላል። መልሱን ሙሉ በሙሉ ማመን አይገባም። አንደርሰን ስለ ራሱ መጻፍ አይሰለቸውም ነበር፤ «የሕይወቴ ተረት» የተባለውን ሰፊ ግለ ታሪኩን በ1855 አሳትሟል።

በተረቱ ውስጥ አንዲት ዳክዬ በአሮጌ የመኳንንት ግቢ አጠገብ እንቁላል ታቅፋለች። ከሁሉ ትልቁ እንቁላል ዘግይቶ ይፈለፈልና ግራጫ፣ ገዘፍ ያለ፣ መልከ ጥፉ ጫጩት ይወጣል። ዳክዬውና ዶሮው ይነቁሩታል፤ ቀለብ የምትሰጠው ልጅ በእርግጫ ትለዋለች፤ እናቲቱ ራሷ በመጨረሻ ዓይኔ ባላየው ትላለች። ጫጩቱ ይሸሻል። ረግረጉ ውስጥ ከአዳኞች ጥይት ይተርፋል፤ አንዲት አሮጊት ከድመቷና ከዶሮዋ ጋር በምትኖርበት ጎጆ ይጠጋል፤ በብርዱ ወራት በረዶ ውስጥ ተጣብቆ ሊሞት ሲል አንድ ገበሬ ያወጣዋል። ጸደይ ሲገባ ውሃው ላይ የራሱን መልክ ያያል። ስዋን ነው፤ ያ አንገተ ረጅም ነጭ የውሃ ወፍ።

አንደርሰን የተወለደው በፊውን ደሴት ላይ በምትገኘው ኦደንሰ ከተማ፣ ከጫማ ሰፊ አባትና ከልብስ አጣቢ እናት ነው። የአባቱ አባት አእምሮው የታወከ ሰው ስለነበር የመንደር ልጆች እየተከተሉ ይጮሁበት ነበር። አባቱ በ1816 ሞተ። በ1819፣ ገና በ14 ዓመቱ፣ ብቻውን ወደ ኮፐንሃገን ተጓዘ፤ በንጉሣዊው ቴአትር ዘፋኝም፣ ዳንሰኛም፣ ተዋናይም ለመሆን ሞከረ። ቁመቱ የተንዠረገገ፣ አፍንጫው ረጅም፣ እግሩ ትልቅ ልጅ ነበር፤ ድምፁም በጉርምስና ተበላሸበት። አልተሳካለትም። እዚህ ላይ የአሮጊቷ ጎጆ ትዝ ይላል፦ ዶሮዋ እንቁላል መጣል፣ ድመቱ ጀርባ ማጉበጥ የማይችለውን ፍጡር ለምንም እንደማይረባ ይቆጥሩታል። ከ1822 ጀምሮ በስላገልሰ ትምህርት ቤት ከእርሱ በዕድሜ ከሚያንሱ ልጆች ጋር ተቀመጠ። ርዕሰ መምህሩ ሲሞን ማይስሊንግ ያንጓጥጠው ነበር፤ ያንን ዘመን አንደርሰን እስከ እርጅናው ድረስ በቅዠቱ ያየው ነበር።

ተመሳሳይነቱ ግን አንድ ቦታ ላይ ይቋረጣል። ጫጩቱ ስዋን የሆነው ስለተማረ ወይም ስለለፋ አይደለም፤ ከስዋን እንቁላል ስለወጣ ነው። የደራሲው ነገር እንዲህ አልነበረም። ለትምህርቱ ከንጉሡ ገንዘብ ያስገኘለት የቴአትሩ ሹም ዮናስ ኮሊን ነበር፤ ቤቱንም እንደ ልጅ ከፈተለት። በተረቱ ውስጥ ለዚህ ሰው የሚመጥን ቦታ የለም። ምናልባትም «ያለ እናንተም ስዋን ነበርሁ» ማለቱ ይሆናል። ጥቂት ጸሐፊዎች እንቁላሉን ቃል በቃል ወስደው አንደርሰን በስውር የተወለደ የንጉሥ ልጅ ነው ብለዋል፤ ማስረጃ ግን የለም።

የኮሊን ቤት መስተንግዶም ወሰን ነበረው። በዴንማርክኛ እንደ አማርኛው «አንተ» እና «እርስዎ» ይለያያሉ። አንደርሰን በ1831 ለኮሊን ልጅ ለኤድቫርድ «አንተ እንባባል» ብሎ ጻፈለት፤ ኤድቫርድ እምቢ አለ። ይህ ቁስል በ1847 በወጣው «ጥላ» በተባለው ተረት ተመልሶ ይመጣል፦ ምሁሩ የገዛ ጥላውን «አንተ እንባባል» ይለዋል፤ ጥላው አይቀበልም።

ተረቱ የተጠነሰሰው አንደርሰን በ1842 በጋ የመኳንንት ርስቶች ላይ በእንግድነት ሳለ ነው። በመጀመሪያ «የስዋን ጫጩት» ብሎት ነበር፤ ያ ርዕስ መጨረሻውን ቀድሞ ያጋልጣል። ተረቱ የሚያበቃው በመናፈሻ ውስጥ ነው፤ ልጆች ለስዋኑ ዳቦ ይወረውሩለታል። ብራንዴስ ይህን አልወደደውም፤ የዱሩ ወፍ ለማዳ ሆኖ መቅረቱን ነቅፏል። ነቀፋው ተረቱን ብቻ ሳይሆን ደራሲውንም ይነካል፤ አንደርሰን ዕድሜውን ሙሉ የራሱ ቤተሰብ ሳይኖረው በባለጸጎችና በመኳንንት ቤት ሲስተናገድ የኖረ ሰው ነው።

በልጅነቱ ከኦደንሰ ከመውጣቱ በፊት አንዲት ጠንቋይ ከተማዋ አንድ ቀን ለክብሩ በብርሃን እንደምታጌጥ ለእናቱ ተናግራ እንደነበር በግለ ታሪኩ ጽፏል። ዲሴምበር 6 ቀን 1867 ኦደንሰ የክብር ዜጋ አደረገችው፤ ከተማዋ በብርሃን ተሞላች፤ ሕዝቡ ችቦ ይዞ ወጣ። አንደርሰን ያን ምሽት በጥርስ ሕመም ይሰቃይ ነበር።