ጠላት ለምን ይዘገያል?

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አንዲት ትንሽ ጌም ሠርቼ ነበር። ውስጧ ያለው ጭራቅ ተጫዋቹ የት እንዳለ በሰከንድ 60 ጊዜ ያያል፤ ስትታጠፍ ይታጠፋል። በኮዱ በጣም ነበር የምኮራው። ታናሽ ወንድሜ ግን አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይጫወት ተወው። «ይሄ እኮ ዕድል አይሰጥም» አለኝ።

መልሱን ያገኘሁት እኔ ከመወለዴ በፊት በተሠራ ጌም ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የጃፓኑ ናምኮ ፓክ-ማንን አወጣ። የጌሙ ፈጣሪ ቶሩ ኢዋታኒ ያኔ ገና 25 ዓመቱ ነበር። አራቱ መናፍስት ሁሌ የሚያሳድዱ ይመስላሉ፤ ግን አይደለም። በመጀመሪያው ደረጃ ለ7 ሰከንድ ወደየማዕዘናቸው ይበተናሉ፣ ከዚያ ለ20 ሰከንድ ያሳድዳሉ፣ ደግሞ ይበተናሉ። ኢዋታኒ ጥቃቱን እንዲህ በዙር የከፈለው፣ ያለ ፋታ የሚሳደድ ሰው ተስፋ ይቆርጣል ብሎ ነው።

ሌላም ነገር አለ። መንፈሱ በየት በኩል እንደሚታጠፍ የሚወስነው መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ሳይሆን አንድ ካሬ ቀደም ብሎ ነው። ከወሰነ በኋላ አንተ አቅጣጫ ብትቀይር እሱ በአሮጌው መረጃ ይሄዳል። የምታመልጠው በዚያች ቅጽበት ነው።

ጌሙ ሲከብድ መናፍስቱ ይፈጥናሉ፣ ፋታውም ያጥራል። ከሁለተኛው ደረጃ ጀምሮ አራተኛው የመበተኛ ጊዜ የሰከንድ 1/60ኛ ብቻ ነው፤ የለም ማለት ይቻላል።

ይሄ ዘዴ ከ29 ዓመት በኋላ ማይንክራፍት ውስጥም አለ። አረንጓዴው ክሪፐር አጠገብህ ደርሶ ወዲያው አይፈነዳም። መጀመሪያ ፉጨት የሚመስል ድምፅ ያሰማል፣ ከዚያ 1.5 ሰከንድ ይሰጥሃል። ከራቅክ ይተወዋል። ያቺን 1.5 ሰከንድ ብናወጣት ክሪፐር የሚያስፈራ ጠላት መሆኑ ይቀርና ዝም ብሎ የሚገድል አደጋ ይሆናል።

በሥራዬ መዘግየት ማለት ስህተት ነው፤ ሚሊሰከንድ ስንቀንስ ነው የምንውለው። እዚህ ግን መዘግየቱ ሆን ተብሎ ለሰው የተተወ ቦታ ነው፤ አይቶ፣ አስቦ፣ ጣቱን እስኪያንቀሳቅስ።

ጭራቄን በየግማሽ ሰከንዱ ብቻ እንዲወስን አደረግኩት። ወንድሜ እንደገና ተሸነፈ። አሁን ግን የት ጋ እንደተሳሳተ አውቆታል፤ እኔን ሳያይ «እንደገና» የሚለውን ተጫነ።