ላይካ፣ ኮንታክስና ኒኮር፦ የሌንስ ፉክክር ታሪክ

በ35 ሚሊሜትር ፊልም የሚሠራው ትንሽ ካሜራ ስሙ የገነነው የጀርመኑ ላይትስ ኩባንያ በ1925 (እ.ኤ.አ.) ላይካን በላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ካቀረበ ወዲህ ነው። ካሜራውን የፈጠረው ኦስካር ባርናክ፣ ሌንሱን የቀመረው ማክስ ቤሬክ ነበር። በ1932 ሌላው የጀርመን ኩባንያ ዛይስ ኢኮን ኮንታክስ የተባለውን ካሜራ አወጣና ፉክክሩ ተጀመረ። ላይካ ለአያያዝ ይቀላል፤ በሌንስ በኩል ግን ኮንታክስ ብልጫ ነበረው።

በዚያን ጊዜ የሌንስ መስታወት ጸረ ነጸብራቅ ቅብ አልነበረውም። ብርሃን ከአየር ወደ መስታወት ሲገባም ሆነ ሲወጣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ 5 በመቶ ያህሉ ይንጸባረቃል። ይህ ብርሃን በሌንሱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ ከፊሉ ፊልሙ ላይ እንደ ስስ ጭጋግ ያርፋል። መስኮትን ከኋላው አድርጎ የቆመ ሰው ፎቶ ሲነሳ ጥቁር ካፖርቱ ግራጫ መስሎ የሚወጣው ለዚህ ነበር።

የዛይሱ ሉድቪግ በርቴሌ ሶናር የተባለውን የኮንታክስ ሌንስ ሲነድፍ 6 መስታወቶችን በ3 ክፍል አጣበቀና አየር የሚነካቸውን ገጾች 6 ብቻ አደረጋቸው። ሱማር የተባለው የላይትስ ሌንስም 6 መስታወቶች ነበሩት፤ የብርሃን አቀባበሉም እኩል ኤፍ 2 ነበር። ነገር ግን በ4 ክፍል ስለተከፈለ ገጾቹ 8 ሆኑ። ሁለት ገጽ በማነሱ የሶናር ጥቁር ይበልጥ ጠቆረ።

የሶናርን ብልጫ ያሳነሰው ራሱ ዛይስ ነው። በ1935 የኩባንያው ተመራማሪ አሌክሳንደር ስማኩላ መስታወቱን በስስ ቅብ ሸፍኖ ነጸብራቁን የሚቀንስ ዘዴ አገኘ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቅቡ ሲስፋፋ የገጽ ብዛት እንደ ቀድሞው አላስፈራም።

በጃፓን ኒፖን ኮጋኩ የተባለው ኩባንያ የሶናርን ንድፍ መሠረት አድርጎ ኒኮር ሌንሶችን ይሠራ ነበር። በ1950 የላይፍ መጽሔት ፎቶግራፍ አንሺ ዴቪድ ዳግላስ ደንካን ቶኪዮ ሳለ ጃፓናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ጁን ሚኪ በ85 ሚሊሜትር ኒኮር ያነሳውን ፎቶ አየና በጥራቱ ተገረመ። ፋብሪካው ድረስ ሄዶም ሌንሶቹን ከጀርመኖቹ ጋር አስተያየ። የኮሪያ ጦርነት ሲፈነዳ ኒኮርን በላይካው ላይ ገጥሞ ወደ ግንባር ሄደ። ዲሴምበር 10 ቀን 1950 ኒውዮርክ ታይምስ ስለ ጃፓን ሌንሶች ጥራት ለአሜሪካ አንባቢዎች ዘገበ።