ከጎማ ማስቲሽ እስከ ውሃ ማጣበቂያ

እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን በተካሄደው የኦሎምፒክ ውድድር ጅቡቲ ካሰለፈቻቸው ጥቂት ስፖርተኞች አንዷ ያስሚን ፋራህ የተባለች የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫዋች ነበረች። ጅቡቲ በኦሎምፒክ ስትነሣ አብዛኞቻችን የምናስታውሰው እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡል በማራቶን የነሐስ ሜዳይ ያገኘውን አህመድ ሳላህን ነው። ከባቡር መስመራችን ማዶ ያለችው ይህች ትንሽ አገር በፒንግ ፖንግም መወከሏን የሚያውቅ ብዙ አይመስለንም። እኛ እዚህ ላይ የምናነሣው በዚህ ስፖርት የሚያገለግለውን ራኬት፣ በተለይም ላስቲኩን ከእንጨቱ ጋር የሚያያይዘውን ማጣበቂያ ነው። ነገሩ ጥቃቅን ይመስላል፤ ነገር ግን የዓለምን ሻምፒዮና ያናወጠ፣ በተጫዋቾችም ጤና ላይ አደጋ ያስከተለ ጉዳይ ነው።

ጨዋታው በእንግሊዝ አገር በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሲጀመር ላስቲክ የሚባል ነገር በራኬቱ ላይ አልነበረም። ጉጥ ጉጥ ያለው ላስቲክ በእንጨቱ ላይ መለጠፍ የጀመረው በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ነው። ከዚያም ለግማሽ መቶ ዘመን ያህል ብዙ ለውጥ ሳይታይ ቆየ።

ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1952 ቦምቤይ ላይ ነው። ሂሮጂ ሳቶህ የተባለ ጃፓናዊ በራኬቱ ላይ ወፍራም ስፖንጅ ለጥፎ መጣና የነጠላ ሻምፒዮን ሆነ። ተጋጣሚዎቹ የኳሱን ፍጥነት በዓይን ብቻ ሳይሆን በጆሮም መገመት የለመዱ ነበሩ። ስፖንጁ ደግሞ ድምፁን ዋጠው። ክርክሩ ለዓመታት ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1959 ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደንብ አወጣ፤ ስፖንጅ ያለው ላስቲክ ከ4 ሚሊ ሜትር፣ ስፖንጅ የሌለው ባለ ጉጥ ላስቲክ ከ2 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ልብ በሉ፣ በዚህ ልኬት ውስጥ ማጣበቂያው ጭምር ይቆጠራል። ደንብ አውጪዎቹ ስለ ውፍረቱ ብቻ ነበር ያሰቡት፤ ማጣበቂያው ራሱ አንድ ቀን የኳሱን ፍጥነት ይጨምራል ብሎ የጠረጠረ ግን ያለ አይመስልም።

በ1970ዎቹ ይኸው ሆነ። የብስክሌት ከመነዳሪ ሲቀደድ ጎሚስታው የሚቀባውን ማስቲሽ ሁላችንም እናውቀዋለን። የሀንጋሪው ቲቦር ክላምፓርና የዩጎዝላቪያው ድራጉቲን ሹርቤክ ይህን መሰል ማስቲሽ ስፖንጁን ሲቀቡት ራኬቱ ከወትሮው የበለጠ እንደሚያስፈነጥር እንደ ደረሱበት ይነገራል። ምክንያቱ ቀላል ነው። በማስቲሹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በቶሎ የሚተን ነው፤ ወደ ስፖንጁ ቀዳዳዎች ሲገባ ስፖንጁ ያብጣል፣ ከላይ ያለውም ላስቲክ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። ኳሱ ሲነካው በኃይል ይመለሳል፤ ድምፁም ጥርት ብሎ ይሰማል። ሀንጋሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ፒዮንግያንግ ላይ ቻይናን አሸንፈው የዓለም የቡድን ሻምፒዮን ሲሆኑ ለድሉ ይህን ማጣበቂያ በምክንያትነት የሚጠቅሱ አሉ። እኛ ግን የሦስቱን ተጫዋቾች፣ የክላምፓርን፣ የዮንየርንና የገርጌይን ችሎታ ለማስቲሽ አሳልፈን አንሰጥም።

ችግሩ የእብጠቱ ዕድሜ በሰዓታት የሚቆጠር መሆኑ ነበር። ስለዚህ ተጫዋቾች ከእያንዳንዱ ግጥሚያ በፊት ላስቲኩን እየነቀሉ እንደገና ይቀቡ ጀመር። ወጣቶች ሳይቀሩ በተዘጋ የልብስ መቀየሪያ ክፍል ተሰብስበው ቶሉዊንን የመሰለ መርዛማ ትነት ይተነፍሱ ነበር ማለት ነው። ይህ ትነት ራስ ያዞራል፣ ሲደጋገም ደግሞ ነርቭን ይጎዳል። በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ የሚኖሩ ልጆች ማስቲሽ ሲያሸቱ ላየ ሰው የጉዳዩን ክብደት ማስረዳት አያስፈልግም። ፌዴሬሽኑ በመጀመሪያ መርዛማነታቸው የታወቀውን ዓይነቶች ከለከለ፤ በመጨረሻም ከቤጂንግ ኦሎምፒክ በኋላ፣ ከመስከረም 1 ቀን 2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ በቶሎ የሚተን ፈሳሽ ያለበትን ማጣበቂያ በጠቅላላ አገደ። ተጫዋቾች ስለ ፍጥነቱ ቅር ቢላቸውም ውሳኔው ዘገየ እንጂ አልበዛም እንላለን።

እንግዲህ ያስሚን ለንደን ስትሰለፍ የተፈቀደው በውሃ የተበጠበጠው ነጭ ማጣበቂያ ነበር። ይህ ማጣበቂያ የሚደርቀው ውሃው ሲተን ስለሆነ የአየሩ ጠባይ ይወስነዋል። ጅቡቲ ከተማ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለች ናትና ቀዝቀዝ በሚለው ወራት የባሕሩ እርጥበት ማድረቂያውን ጊዜ ያራዝመዋል። በበጋዋ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ካምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ከምድረ በዳው ሲነፍስና ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ ገና በእኩል ሳይዳረስ ይደርቅና ይጓጉላል። በየትኛውም ወቅት ቢሆን ሥራው አንድ ነው፤ ስፖንጁንም እንጨቱንም በስሱ መቀባት፣ ወተት የመሰለው ቀለም ጠፍቶ ጥርት እስኪል መጠበቅ፣ ከዚያም ከእጀታው በኩል ጀምሮ አየር ሳይቋጠር እየጫኑ መለጠፍና ትርፉን በመቀስ መከርከም።