የመንገደኛ መሣሪያ ስያሜዎች ታሪክ፤ ከፈረስ ሠረገላ እስከ መኪና

የጠመንጃና የሽጉጥ ስሞች በመዝገበ ቃላት ውስጥ ብዙውን ጊዜ በአጭር ፍች የሚታለፉ ናቸው። ሽጉጥን «አጭር መሣሪያ»፣ ጠመንጃን «ረጅም መሣሪያ» ብሎ ማለፍ ለተራ አንባቢ ሊበቃ ይችላል፤ ለተርጓሚ ግን አይበቃም። ሕግ የሚተረጉም፣ በፍርድ ቤት የሚያስተረጉም፣ ወይም የታሪክ መጽሐፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው መሣሪያው ምን እንደሚባል ብቻ ሳይሆን፣ ስሙ ከየት እንደ መጣና ምን እንደሚለይ ማወቅ ይኖርበታል። ይህ ጽሑፍ ከሰፊው የመሣሪያ ቃላት መስክ አንድ ጠባብ ክፍል ብቻ ይመለከታል፤ ይኸውም መንገደኛ ራሱን ለመከላከል መርጦ ይዞት የሚጓዘውን መሣሪያ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ አማርኛ ራሱ መሣሪያን እንዴት እንደሚሰይም እንመልከት። ከጥንታውያኑ ስሞች መካከል «ነፍጥ» ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን፣ መነሻው የሚቀጣጠል ዘይትን የሚያመለክት ቃል ነው። «ጠመንጃ»ን ሊቃውንት ከቱርክኛው «ታባንጃ» ጋር ያያይዙታል። በዛሬው ቱርክኛ ታባንጃ ሽጉጥ ነው፤ በአማርኛ ግን ቃሉ የረጅሙ መሣሪያ ስም ሆኖ ጸንቷል። በ19ኛው ምእተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ የአውሮፓ ጠመንጃዎች በብዛት ወደ አገሪቱ ሲገቡ ደግሞ የሠሪዎቹና የአገሮቹ ስሞች አብረው ገቡ። «ስናድር» ከስናይደር፣ «ውጅግራ» ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ»፣ «ምንሽር» ከማንሊኸር፣ «ቤልጅግ» ከቤልጅግ አገር የተገኙ ናቸው። «መትረየስ»ም ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። እነዚህ ሁሉ መሣሪያው ከየት እንደ መጣ ወይም ማን እንደ ሠራው ይናገራሉ እንጂ ለምን ሥራ እንደ ተመረጠ አይናገሩም።

«ሽጉጥ» ከእነዚህ የተለየ ነው። ቃሉ «ሸጎጠ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ የሚሸጎጥ፣ በወገብ ወይም በልብስ ሥር የሚደበቅ ማለት ነው። አማርኛ ይህን መሣሪያ የሰየመው በሠሪውም በአገሩም ሳይሆን በአያያዙ ነው። ይህ ስያሜ ለርእሳችን ትልቅ ቁም ነገር አለው፤ ኋላ እንደምናየው የመንገደኛን መሣሪያ የሚመለከቱ ሕጎች አብዛኛውን ክርክር የሚያነሡት በዚሁ በአያያዙ ላይ ነውና።

አሁን ወደ ውጭው ታሪክ እንለፍ። በአሜሪካ በ19ኛው ምእተ ዓመት መንገደኛው በፈረስ ሠረገላ ይጓዝ በነበረበት ዘመን የመሣሪያ ምርጫው ሁለት መልክ ነበረው። ተሳፋሪው በኪሱ የሚያስገባውን ይመርጣል፤ ሠረገላውን የሚጠብቀው ሰው ደግሞ ከነጂው አጠገብ ተቀምጦ የሚይዘውን ይመርጣል። ለኪስ የሚሆነውን ትንሽ ሽጉጥ ያስታወቀው በፊላደልፍያ ይሠራ የነበረው ሄንሪ ደሪንጀር ነው። ሊንከን በ1865 የተገደሉት በእርሱ ሥራ በመሆኑ ስሙ የበለጠ ታወቀ፤ አስመሳዮችም ስለ በዙ ስሙ፣ ሆሄያቱ ጥቂት ተለውጠው፣ የዚህ ዐይነት ትንሽ ሽጉጥ ሁሉ መጠሪያ ሆነ። የተጸውኦ ስም ወደ ወል ስም ሲለወጥ ከምናያቸው ግልጽ ምሳሌዎች አንዱ ነው። ሳሙኤል ኮልት በ1836 የባለቤትነት መብት ያገኘበት፣ ጥይት ያዡ የሚሽከረከር ሽጉጥም በዚያው ዘመን ለመንገደኛ አዲስ ምርጫ ሰጠ፤ እንደ ገና ሳያጎርስ ደጋግሞ እንዲተኩስ አስቻለው።

የሠረገላው ጠባቂ ግን ሽጉጥን አልመረጠም። እርሱ የያዘው አፈሙዙ ያጠረ፣ ባለ ሁለት አፈሙዝ፣ ብትን እርሳስ የሚተኩስ ጠመንጃ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሚናወጥ ሠረገላ ላይ የተቀመጠ ሰው በአንዲት ጥይት ማነጣጠር ይቸግረዋል፤ ብትን እርሳስ ግን የዓላማን ጉድለት በመጠኑ ያካክሳል። አጭሩ አፈሙዝ በጠባብ ስፍራ ለማዞር ያመቻል። በዚህ ፋንታ የሚቀረው የርቀት ኀይሉ ነው፤ ይሁን እንጂ ሽፍታ ሠረገላን የሚያስቆመው ከቅርብ ስለሆነ ጠባቂው ይህን አጥቶ ብዙ አልተጎዳም። እንግሊዝኛም መሣሪያውን በተሽከርካሪው ስም «ኮች ገን»፣ የሠረገላ ጠመንጃ አለው።

ከዚህ ላይ ተርጓሚ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በእንግሊዝኛ ከነጂው ጎን መቀመጥ «ራይዲንግ ሾትገን» ይባላል። ብዙዎች አነጋገሩ ከሠረገላው ዘመን የመጣ ይመስላቸዋል፤ በጽሑፍ የሚገኘው ግን ከ20ኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ ወዲህ፣ ያን ዘመን መለስ ብለው በሚተርኩ ልብ ወለዶች ነው። በሠረገላው ዘመን ጠባቂው «ሾትገን ሜሰንጀር» ይባል ነበር። ዛሬ ወጣቶች መኪና ውስጥ ሲገቡ «ሾትገን!» ብለው ቢጮሁ፣ የፊት ወንበር ይገባኛል ማለታቸው እንጂ መሣሪያ መጥራታቸው አይደለም። የመሣሪያ ስም የወንበር ስም ሆኗል። ይህን «ጠመንጃ!» ብሎ የሚተረጉም ሰው ተራ ጨዋታን ወደ ዛቻ ይለውጠዋል።

ከሠረገላ ቀጥሎ ብስክሌት መጣ። በ1890ዎቹ በፈረንሳይ ሻርል ፍራንስዋ ጋላን «ቬሎዶግ» የተባለ ትንሽ ተሽከርካሪ ሽጉጥ አወጣ። ስሙ «ቬሎሲፔድ» ከሚለው የብስክሌት መጠሪያና ውሻ ማለት ከሆነው የእንግሊዝኛ ቃል የተዳቀለ ነው። ብስክሌተኛውን ውሻ እያባረረ ሲያስቸግረው እንዲከላከል የታሰበ ነበር፤ ውሻውን ላለመግደል ሲባልም በእርሳስ ፋንታ ሰም ወይም ቡሽ፣ አልፎ አልፎም በርበሬ የተሞላ ጥይት ይሸጥለት ነበር። ስሙ ተጠቃሚውንና ባላጋራውን አጣምሮ ይዟል። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ «ቬሎዶግ»ን የፋብሪካ ስም ነው ብሎ ቢያልፈው የአንድን ዘመን የመንገድ ሥጋት ሳይመዘግብ ይቀራል።

የአውቶሞቢል ዘመን ሲመጣ ደግሞ ቃላቱ ይበልጥ ተወሳሰቡ። በ1911 መጨረሻ በፓሪስ የቦኖ ቡድን በመኪና እየሸሸ መዝረፍ ሲጀምር፣ የፈረንሳይ ጋዜጦች «ባንዲ ዘን አውቶ» አሏቸው፤ ባለመኪና ወንበዴዎች ማለት ነው። እዚህ «አውቶ» አውቶሞቢል ነው። በአሜሪካም በኒው ዮርክ ግዛት የሚገኘው የኢታካ ጠመንጃ ኩባንያ ከ1922 ጀምሮ «አውቶ ኤንድ በርግላር ገን» የተባለ፣ ባለ ሁለት አፈሙዝ፣ በእጅ የሚጨበጥ አጭር መሣሪያ ሸጧል። ይህን ስም ያለ ጥንቃቄ የሚተረጉም ሰው በሁለት ወጥመድ ይወድቃል። የመጀመሪያው «አውቶ»ን «አውቶማቲክ» ማለት ነው። መሣሪያው አውቶማቲክ አልነበረም፤ እያንዳንዱ አፈሙዝ አንዲት ጥይት ብቻ ይተኩሳል። «አውቶ» የተባለው በመኪና ለሚጓዝ ሰው የታሰበ በመሆኑ ነው። ሁለተኛው ወጥመድ የአማርኛው «የ» ነው። «የሌባ ጠመንጃ» ብንል ሌባው የያዘው ይመስላል፤ የተፈለገው ግን ሌባን መከላከያ ነው። የእንግሊዝኛ ጥምር ስም ዝምድናውን ሳይገልጽ ማለፍ ይችላል፤ አማርኛ ግን ከባለቤትነትና ከዓላማ አንዱን እንዲመርጥ ይገደዳል።

የዚህ መሣሪያ ታሪክ በ1934 አበቃ ማለት ይቻላል። በዚያ ዓመት የወጣው የአሜሪካ ብሔራዊ የመሣሪያ ሕግ መትረየስንና አፈሙዛቸው ያጠረ ጠመንጃዎችን ለማስመዝገብ ሲያስገድድ፣ በዝውውራቸው ላይ የ200 ዶላር ቀረጥ ጣለ። ቀረጡ ከመሣሪያው ዋጋ እጅግ ስለሚበልጥ ኢታካ መሥራቱን አቆመ። ረቂቁ መጀመሪያ ሽጉጥንም ያካትት ነበር፤ በመጨረሻ ግን ሽጉጥ ወጣ። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ መኪና ነጂ በአብዛኛው ሽጉጥን የመረጠው ለመሸጎጥ ስለ ተመቸው ብቻ አይደለም፤ የቀድሞው የመንገደኛ መሣሪያ በሕግ በመከልከሉ ያህል ውድ ስለ ሆነበትም ጭምር ነው።

ይህ ሁሉ ለአማርኛ ተርጓሚ ምን ይረባዋል? የሚባል ከሆነ መልሱ ከዋሽንግተን አካባቢ ይገኛል። በዚያ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ይኖራሉ፤ ብዙዎችም በመኪና ነጂነት ይተዳደራሉ። አንድ ነጂ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቨርጂኒያን፣ ዋና ከተማዪቱንና ሜሪላንድን ሊያዳርስ ይችላል። የመሣሪያ ሕጋቸው ግን አንድ አይደለም፤ በአንዱ ግዛት የተሰጠ ፈቃድ ድንበር ስለ ተሻገረ ብቻ በሌላው አይጸናም። በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ በሁለቱም ጫፍ መሣሪያ ለመያዝ መብት ላለው መንገደኛ የመተላለፊያ ከለላ ይሰጣል። ለዚህም መሣሪያው ጥይት የሌለበት እንዲሆን፣ መሣሪያውም ጥይቱም ከተሳፋሪው ስፍራ በቀላሉ የማይደረስባቸው እንዲሆኑ ያዛል። መኪናው ተለይቶ የተዘጋ የዕቃ ክፍል ከሌለው፣ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ መሆን አለባቸው። ከወንበር ፊት ያለው ትንሽ የዕቃ ሣጥንና በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ያለው ሣጥን ግን፣ ቢቆለፉም እንኳ፣ አይቆጠሩም። ልብ በሉ፤ ሕጉ ከለላ የሚሰጠው በጉዞ ላይ ለመከላከል ለማይጠቅም አያያዝ ነው። መንገደኛው የሸጎጠው መሣሪያ በዚህ ከለላ ውስጥ አይገባም።

በዚህ ሕግ ትርጉም ሦስት ቃላት ይፈተናሉ። የመጀመሪያው ከወንበር ፊት ያለው ሣጥን ስም ነው። በእንግሊዝኛ ቃል በቃል «የጓንት ክፍል» ይባላል፤ ስሙ የቀረው መኪኖች ክፍት በነበሩበትና ነጂዎች ጓንት ባጠለቁበት ዘመን ነው። «የጓንት ክፍል» ተብሎ ቢተረጎም ሰሚው የትኛው እንደ ሆነ ላያውቅ ይችላል፤ ቦታውን መግለጽ ይሻላል።

ሁለተኛውና ዋናው «ጥይት ያለበት» የሚለው ነው። አማርኛ እዚህ ላይ ሀብታም ነው። መሣሪያ «ይጎርሳል»፤ ከዚያም «ይቀባበላል»። ጥይት በያዡ ገብቶ ወደ መተኮሻው ክፍል ያልተላለፈ ከሆነ ጎርሷል፣ ግን አልተቀባበለም። እንግሊዝኛ «ሎደድ» በሚለው አንድ ቃል ሁለቱንም ሊሸፍን ይችላል፤ ወሰኑን የሚወስነው የየግዛቱ ሕግ ነው። ለምሳሌ በካሊፎርኒያ ሕግ ጥይት በመተኮሻው ክፍል ባይኖርም፣ ከመሣሪያው ጋር በተያያዘ ጥይት ያዥ ውስጥ ካለ መሣሪያው «ሎደድ» ነው። ነጂው ለፖሊስ ወይም ለዳኛ «አልተቀባበለም» ቢልና አስተርጓሚው «ጥይት የለበትም» ብሎ ቢያቀርበው፣ እውነት የተናገረ ሰው ሐሰተኛ ሊባል ይችላል። በተቃራኒው «ሎደድ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ «ተቀባብሏል ወይ?» ተብሎ ቢተረጎምለት፣ በቅን ልብ «የለም» ብሎ ራሱን ወደ ክስ ያስገባል። የአንድ ግሥ መዛባት የሰው ነጻነት ሊያሳጣ ይችላል።

ሦስተኛው «ራስን መከላከል» ነው። ይህ አነጋገር መሣሪያ የሚገዛን ሰው ዓላማ ይገልጻል። የኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 የሚጠቀምበት «ሕጋዊ መከላከል» ግን፣ ድርጊቱ ከተፈጸመ በኋላ ፍርድ ቤት መዝኖ የሚሰጠው ስም ነው። የመጀመሪያው አሳብ ነው፤ ሁለተኛው ፍርድ ነው። አንዱን በሌላው ቦታ ማስገባት መሣሪያውን ስለ መረጠ ብቻ አጠቃቀሙም ተፈቅዷል ወደሚል ስሕተት ያደርሳል።

ከዚህ ጋር የአጠቃላይ ስሙም ጉዳይ ይነሣል። ቁጥር 1177/2012 የሆነው የኢትዮጵያ አዋጅ «የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ» ይባላል። በአማርኛ «የጦር መሣሪያ» የሠራዊቱን መድፍም የመንገደኛውን ሽጉጥም ያቅፋል። የእንግሊዝኛው አቻ ግን በእሳት ኀይል የሚተኩስ መሣሪያን ብቻ ይመለከታል፤ ጦርነትን አያነሣም። ተከሳሽ «የጦር መሣሪያ ይዞ ነበር» የሚለው የአማርኛ ቃል ወደ እንግሊዝኛ ቃል በቃል ቢመለስ ክሱን ያለ አግባብ ያከብደዋል።

በማጠቃለያ የሚከተለው አሳብ ለሙያ ቃላት አዘጋጆች ይቀርባል። ብትን እርሳስ ለሚተኩሰው «ብትን ተኳሽ ጠመንጃ»፣ ጥይት ያዡ ለሚሽከረከረው «ተሽከርካሪ ሽጉጥ»፣ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ቀጣዩን ጥይት ራሱ ለሚያቀባብለው «ራስ አቀባባይ ሽጉጥ»፣ ምላጩ አንድ ጊዜ ተስቦ ተከታታይ ለሚተኩሰው ብቻ «አውቶማቲክ» ቢባል መልካም ነው። የእንግሊዝኛው «አውቶማቲክ» በ20ኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ ለሁለቱም ይነገር ስለ ነበር፣ የዚያን ዘመን ጽሑፍ የሚተረጉም ሰው መሣሪያውን ራሱን ሳያጣራ ቃሉን እንዳለ ሊወስድ አይገባውም። «ጎረሰ»ና «ተቀባበለ» ግን አዲስ ቃል አያሻቸውም፤ ሕዝቡ አስቀድሞ ለይቷቸዋል። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ድርሻ ልዩነቱን በየፍቻቸው ሥር በግልጽ ማስፈር ነው፤ የአስተርጓሚውም ድርሻ ከመተርጎሙ በፊት የትኛው እንደ ተባለ መጠየቅ ነው።