ነውረኛ ስም፣ ንጹሕ ሕግ፦ ከሞለኪዩሎች ስያሜ ታሪክ



በማስተምርበት ክፍል አንድ ስም ሰሌዳው ላይ በጻፍሁ ቁጥር ከኋላ ወንበሮች የታፈነ ሳቅ እሰማለሁ። ስሙ «አርሶል» ነው። አራት የካርበንና አንድ የአርሴኒክ አቶም ተያይዘው የሚሠሩት ቀለበት መጠሪያ ነው። በብሪታንያ እንግሊዝኛ ግን ድምፁ፣ በዚህ መድረክ ልተረጉመው ከማልደፍረው ስድብ ጋር ይገጥማል።

ስሙን ያወጣው ባለጌ ሰው አይደለም፤ ሕግ ነው። ጀርመናዊው አርተር ሐንች እ.ኤ.አ. በ1887፣ ስዊድናዊው ኦስካር ቪድማን በ1888፣ ከካርበን ሌላ አቶም የገባባቸው ቀለበቶች የሚሰየሙበትን ሥርዐት ለየብቻቸው አቀረቡ። በዚህ ሥርዐት «አርሳ» አርሴኒክን፣ «ኦል» ደግሞ ድርብ ትስስር ያለውን ባለ አምስት አቶም ቀለበት ያመለክታል። ሁለቱ ሲጋጠሙ የሚወጣውን ድምፅ ሕጉ አያዳምጥም፤ ሕግ ጆሮ የለውም።

እንዲሁ ሳይታሰብ የተበላሸ ስም «ባስታዲን» ነው። ለእንግሊዝኛ ጆሮ «ዲቃላ» ከሚለው ስድብ ይቀርባል፤ የተወሰደው ግን ውሑዱ ከተገኘበት ከባሕር ስፖንጅ፣ ከኢያንቴላ ባስታ ስም ነው።

በአንጻሩ፣ ሆን ተብሎ የተሰደበ ድንጋይም አለ። የጀርመን ማዕድን ቆፋሪዎች መዳብ የመሰላቸውን ቀላ ያለ ማዕድን ቢያቀልጡት መዳቡን ነሣቸው፤ በምትኩ መርዛም ጢስ ተፋባቸው። ስለዚህ «ኩፕፈርኒክል»፣ የመዳብ ጋኔን፣ ብለው ረገሙት። በ1751 አዲሱን ብረት ለይቶ ያወጣው ስዊድናዊው አክሰል ክሮንስቴት እርግማኑን አሳጥሮ «ኒኬል» አለው። ኮባልትም ስሙን ያገኘው «ኮቦልድ» ከተባለ ጋኔን ነው።

ለመሆኑ ጢሱን መርዛም ያደረገው ምን ነበር? አርሴኒክ ነው። ተማሪዎቼን የሚያስቀው አቶም እነዚያን ቆፋሪዎች ያሳመመው አቶም ነው።

«ታዲያ ነውረኛው ስም ለምን አይለወጥም?» ተብዬ እጠየቃለሁ። እኔ እንዲለወጥ አልሻም። «አርሶል» የሚለው ቃል የሞለኪዩሉን አሠራር በአራት ፊደል ይነግረናል፤ «ኒኬል» ደግሞ ስማቸው ያልተጻፈ ሠራተኞችን ምሬት ጠብቆ አቆይቶልናል። የመጀመሪያውን ብናሳምር ዕውቀት፣ ሁለተኛውን ብናሳምር ምስክርነት እናጣለን። የሳይንስ ቃላትን ወደ አማርኛ የምንመልስ እኛም ይህን ልብ እንበል፦ ለጆሮ የሚጥም ቃል ከመፈለግ አስቀድሞ፣ ቃሉ የተሸከመውን ማወቅ ይገባል።

ተማሪዎቼ ይሣቁ፤ ስቀው ሲያበቁ ግን ጢሱን እነግራቸዋለሁ።